እና የሌሎችም

ጥር ነው። ኮሎምበስ በረዶ ለብሳለች፣
ከምክር ቤቱ ደጅ እሪያ ተኝታለች፤
እኔ ከውስጥ ነኝ፣ ከምድጃው ርቄ፣
ቀለሜ እንዳይረጋ በብብቴ ደብቄ።

ሥራዬ መቁጠር ነው፣ የሰው ስም በጣት፣
ባቤቱታው ግርጌ ስንት እንዳለበት፤
ከዚያ ከላይ ያለውን አንድ ስም አንብቤ
«እና የሌሎችም» እላለሁ፣ ድምፄን ሰብስቤ።
ደንቡ ነው። ጊዜ የለም ለሁሉ፤
አንድ ይጠራል፤ ሌሎች «ሌሎች» ይባሉ።

ጠዋት የእሪያ ሕግ ነበር። ሚስተር ክሩም ቆመው፣
ትንባሆ ጉንጫቸው ውስጥ እንደ ዕጢ ወጥረው፣
«አጥር ጥሳ ብትገባ፣ ተጠያቂው ማነው?
አጥሩን ያላላው ነው? ወይስ ባለ እሪያው ነው?»
ሁለት ሰዓት ሙሉ ጦፈ ክርክሩ፤
ረጠበ በምራቅ የመትፊያው ዳር ዳሩ፤
ሕጉ ጸደቀላት። እሪያ በማኅተም
መብትና ግዴታ አገኘች በቀለም።

ከምሳ በኋላ ነው የአቤቱታ ተራ፣
ግማሹ ወንበር ባዶ፣ ግማሹ ሌላ ሲያወራ።
አንዱ፦ መጠጥ ቤት ይዘጋ። አንዱ፦ እብድ አይታሰር
ከጋጣ ውስጥ ከከብት ጋር።
አንዱ፦ ጥቁርም ሰው፣ ነጭ የከሰሰ ዕለት፣
እንደ ሰው ይመስክር፣ ይሰማ ፍርድ ቤት።
«ጠረጴዛ ላይ ይዋል» ነው የሁሉም መልሱ።
ይውላል። ያድራል። ይከርማል ለራሱ።
ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ሲነሣ
አንድ ቀን አየሁ፤ ሊጠቀለልበት ዓሣ።

መጨረሻ የመጣው ወፍሯል እንደ ክንድ፣
ወረቀት ከወረቀት በክር ተሰፍቶ ባንድ።
የሴቶች ነው። «ባል ያላት ሴት የለፋችበትን፣
የቅቤዋን ዋጋ፣ ያባቷን ስጦታ፣ ላሟን፣
ባሏ በዕዳው አይሽጥ፤ የራሷ ይሁን» ይላል።
«ቀጥሎ ሱሪያችንን!» አንዱ ከኋላ ስቋል።

ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ዐሥራ አንድ ክንድ መጣ።
በጉልበቴ ዳህኩበት፣ ጣቴ ሲወርድ ሲወጣ፤
አንዷ መስቀል አድርጋለች፣ አንዷ ቅባት አስነክታ፣
አንዷ ስሟን ሰርዛ (ማን ተቆጥቷት ይሆን?)
መልሳ ጽፋለች ከዚያው ቦታ።
ሁለት መቶ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ…
ሁለት መቶ ዐሥር ላይ ጣቴ ደነዘዘብኝ።

ኬዛያ ትሩዝዴል።

ጭራው የኔ ስም ነው፤ የፊቱ የሚስቴ።
የፊደሉ አጣጣል ግን ቁርጥ የኔ፣ የጣቴ።
ማን አስተማራት? ማታ ማታ እኔ
ቃለ ጉባኤ ስገለብጥ፣ እሷ ከጎኔ
ሱፍ ትፈትል ነበር፣ አንገቷን አቀርቅራ፤
ለካ ፊደል ኖሯል የምትፈትል፣ ከእንዝርቱ ጋራ።

ኮቴን አየሁት፤ አዝራሩን ነካሁት፣
በቅቤዋ ዋጋ ነው፣ ለሰው ግን «ገዛሁት» ያልኩት።
ቡሬም ትዝ አለችኝ፣ ካባቷ የመጣች፣
ባለፈው መከር ላይ ለዕዳዬ የወጣች፣
በሩን እስክታልፍ ድረስ ዞራ ዞራ ያየች።
ላሟን ነው የምለው። እሷማ ጓዳ ነበረች።

«ጸሐፊ!» አለ ሰብሳቢው። ተነሣሁ፣ ጉልበቴን አራግፌ።
«የሉሲንዳ ፓርሚንተር…» ቆመ ላንዳፍታ አፌ፤
ስሟ ምላሴ ላይ ፈጀኝ፣ እንደ ትኩስ ድንች።
ዋጥኳት። ውስጤን እየላጠች ወረደች።
«እና የሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሌሎችም።»
መዶሻው ወደቀ። ይዋል። ማንም አልተቃወመም።
ጠቀለልኩት። ዐሥራ አንዱን ክንድ ባንድ ክንዴ ታቀፍኩት፤
በቀይ ጥብጣብ አስሬ ቁም ሣጥን ከተትኩት።

ማታ ከደጃፌ በረዶ ሳራግፍ፣
«ቆጠርከኝ?» አለች፣ ሳልቀመጥ፣ ሳላርፍ።
«ቆጠርኩሽ።»
«በስሜ?»
«ከሌሎች ጋራ…»
አልተቆጣችም። ሾርባዬን ቀዳች በተራ፤
ጨው ብቻ በዝቶበታል።

ከዚያ ሻማ አበራች፤
ለከርሞው ጉባኤ አዲስ ወረቀት በኔው ማስመሪያ አሰመረች፤
ብዕሬን ነክራ፣ ከሁሉ ስም በላይ፣
ገና ባዶ በሆነው፣ በራስጌው መስመር ላይ፣
የራሷን ጻፈች።
አሸዋ ነሰነሰችበት፣ እስኪደርቅም እፍ አለች።